የቀረው መርፌ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በበሽተኛ ጠያቂ ኮሚቴው የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በመካከላችን የነበሩትን፣ ዛሬ ግን በመዝገባችን ላይ ስማቸው ብቻ የቀረውን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ነፍስ ይማር።

የዛሬው ንግግራችን ርእስ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። «እድር ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሰሐኑና ስለ ወርኃዊ መዋጮው ይነጋገር እንጂ ስለ መርፌ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን እድር፣ ባገራችን አጠራር ቅሬ ማለት፣ ሬሳ ብቻ የሚሸኝ ማኅበር አልነበረም። መኪና ባልነበረበት ዘመን ከደጋው ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌም ይሁን ከብልባላ በኩል በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ የሚሸከመው ያው የቀባሪው ትከሻ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ነገር አዲስ ሥራ አይደለም፤ የቆየው ሥራችን ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ ዱሮ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ማድረስ ነበር ጭንቁ፤ ዛሬ ደግሞ ከሐኪም ከተመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ ጭንቅ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምቱ ወራት አንድ አባላችን የእግሩ አጥንት አመርቅዞ ከከተማችን ርቆ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞቹ ቁስሉን አጸዱለት፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ጀመሩለት፣ ትኩሳቱም በረደ። ከዚያ በኋላ የቀረውን መርፌ በአካባቢው እንዲወስድ ወረቀት ተሰጥቶት ወጣ። ወደ ቤቱ የገባ ዕለት ቤቱ ሞላ። እንጀራ የያዘው፣ ቡና የያዘው፣ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» የማይል አልነበረም። እኛም ከመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች ነበርን። በማግስቱስ? በሦስተኛው ቀንስ? አንዳችንም አልነበርንም። ለካስ የዳነ መስሎን ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከባለቤቱ ሰማን። በአራተኛው ቀን ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ በእግሩም መርገጥ ስላልቻለ ቀረ። በአምስተኛው ቀን ሲሄድ መርፌው የተተከለበት ክንዱ አብጦ ስለነበረ ተነቅሎ ሌላ ሥር ተፈለገለት። ስድስተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ፤ ባለቤቱ የቤቱን ወጪ ለመሸፈን ገበያ መውጣት ነበረባትና የሚደግፈው ሰው ጠፋ። በስምንተኛው ሌሊት ትኩሳቱ አገረሸ። ወደ ሆስፒታል ሲመለስ በሽታው ከቀድሞው ብሶ ነበር፤ ሕይወቱ ተረፈ፣ እግሩ ግን አልተረፈም። ይህ ሰው ዛሬ ከእኛ ጋር እዚሁ ተቀምጧል፤ ነገሩን እንድንናገር የፈቀደልንም እርሱ ራሱ ነው። እርሱ እንደሚለው ያጣው ሐኪም አልነበረም፤ ያጣው ሁለት ቀን የሚደግፈው ትከሻ ነበር። ኮሚቴአችንን እንቅልፍ የነሣውም ይኸው ነው። ትከሻ ማዋጣት የእኛ ሥራ አይደለም እንዴ?

እንግዲህ ስለ ሕክምናው ጥቂት እንበል። አንቲባዮቲክ የምንላቸው ጀርም የሚገድሉ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ይዋጣሉ፣ አንዳንዶቹ በጡንቻ ወይም በደም ሥር ይሰጣሉ። የአጥንት ማመርቀዝ፣ የልብ ውስጠኛ ክፍል ብግነት፣ ማጅራት ገትርና የከበደ የሳንባ ምች ብዙውን ጊዜ በደም ሥር መድኃኒት ይጀመራሉ፤ አጥንትና ልብ ላይ ሲሆን ደግሞ ሕክምናው ለሳምንታት ይዘልቃል። ቀድሞ በሽተኛው እስኪጨርስ ድረስ አልጋ ይዞ ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሩከርና ሃሪሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለ ሳንባን በሚጎዳ በሽታ የተያዙ ልጆች የደም ሥር መድኃኒታቸውን ከሆስፒታል ውጭ መውሰድ እንደሚችሉ ጽፈው አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በብዙ አገር ተስፋፋ። ጥቅሙም ግልጽ ነው፦ አልጋው ለባሰበት ይለቀቃል፣ በሽተኛው ከሌላው በሽተኛ ጀርም ይርቃል፣ ከቤተሰቡም አይለይም።

አሠራሩን ያቀለለው አንዱ ነገር የመድኃኒቱ ዓይነት ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ፔኒሲሊን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ መደገም አለበት። ይህን ደግሞ ከሆስፒታል ውጭ ማን ይችለዋል? ሴፍትሪያክሶን የተባለው ግን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ለብዙ በሽታ በቀን 1 ጊዜ፣ ለአንዳንዱም 2 ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በቀን አንዴ የሚሰጥ መድኃኒት አንድ ቀን ከተዘለለ ሙሉ የቀን ድርሻው ቀረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ሲሟጠጥ ያልሞተው ጀርም ፋታ አግኝቶ ይራባል። «አንድ ቀን ብትቀር ምን አለበት» የሚባለው ነገር ስለዚህ ትክክል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ከወጡት ውስጥ ተመልሶ የሚተኛው ማን ነው? አስቀድሞ ማወቅስ ይቻላል?

ይህን ጥያቄ የሠለጠነው ዓለም ሐኪሞችም አጥብቀው ጠይቀውታል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በሚገኘው ቱፍትስ የሕክምና ማዕከል የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይዘው የወጡ 782 በሽተኞችን ተከታትለው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 26 በመቶው፣ ማለት ከአራት ሰው አንዱ፣ በ30 ቀን ውስጥ ሳይታሰብ ተመልሰው ተኝተዋል። የተመለሱበት ምክንያት ሲታይ 29 በመቶው ኢንፌክሽኑ ብሶባቸው፣ 19 በመቶው አዲስ ኢንፌክሽን ይዟቸው፣ 30 በመቶው ደግሞ ከኢንፌክሽኑ ጋር ባልተያያዘ ሌላ ሕመም ነበር።

ተመላሹን ከማይመለሰው የሚለዩ አራት ነገሮችም ተገኝተዋል። አንደኛው የዕድሜ መግፋት ነው። ሁለተኛው ጄንታማይሲንን የመሰሉ፣ አሚኖግላይኮሳይድ የሚባሉ መድኃኒቶችን መውሰድ ነው፤ እነዚህ ሲበዙ ወይም ሲረዝሙ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳሉና። ሦስተኛው መድኃኒት የተላመደ ጀርም ነው። አራተኛው ባለፉት 12 ወራት በሌላ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ መውጣት ነው፤ በተኛበት ቁጥር የመመለሱ ነገር ይጨምራል። ይሁንና እነዚያ ሐኪሞች ያወጡት ሚዛን ፍጹም አይደለም፤ «አይመለስም» የተባለው ይመለሳል፣ «ይመለሳል» የተባለውም ድኖ ይቀራል። ሚዛኑ ትንቢት አይደለም። ጥቅሙ ማንን ቀድመን እንጠይቅ የሚለውን ማመልከቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በቦስተን በሽተኛው ስልክ ሲደውል ሐኪም ይነሣለታል፤ ጎርፍ ወንዝ ሞልቶ አያስቀረውም፤ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ዳገት አይወጣም። በላስታ ሚዛን ላይ ሌሎች ድንጋዮች መጨመር አለባቸው። እነዚህንም ከማንም ይልቅ ጎረቤት ያውቃቸዋል። ሐኪም የኩላሊቱን ሁኔታ በደም ምርመራ ያያል፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ጤነኛ ሰው መኖር አለመኖሩን ግን የሚያውቀው አጥሩን የሚጋራው ነው።

ያገራችንም ልምድ ይህንኑ ያስተምራል። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ በ2010 ደግሞ በጎንደር ሲጀመር፣ በሽተኛው በየዕለቱ ለብዙ ወራት መርፌ መውሰድ ነበረበት። ይህን ሁሉ ጊዜ አልጋ ላይ ማሳለፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ሁኔታው የተረጋጋለት በሽተኛ ወጥቶ መርፌውን በቅርቡ ባለ ጤና ተቋም እንዲወስድ ተደረገ። መርፌው ብቻ ግን አልተላከም፤ ምግብ፣ የመጓጓዣና የቤት ኪራይ ርዳታ፣ ቤት ለቤት መጎብኘትም አብሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ዘገባ መሠረት ውጤታቸው ከታየው 612 በሽተኞች ወደ 79 በመቶው ሕክምናቸው ሠምሮላቸዋል፤ ወደ 14 በመቶው ሞተዋል፤ ያቋረጡት 6 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ለዚህን ያህል ከባድ በሽታ ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ዛሬ ለዚህ በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት ያን የዕለት መርፌ ትቶ በሚዋጥ እንዲተካ መክሯል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። በሽተኛውን ከመንገድ የሚያስቀረው ረኀብና ብቸኝነትም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከደጃችን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በተስፋፋው የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ አሠራር፣ 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት ወደ ላይ መላክ ካልተቻለ ለ7 ቀን ጄንታማይሲን በጡንቻ፣ አሞክሲሲሊንም በአፍ እንዲሰጡ ተፈቅዶላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቷል። ቀደም ሲል ጎጂ ያልነው ጄንታማይሲን በልኩና ለጥቂት ቀን ሲሰጥ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን 7 ቀን 7 ቀን ነው! እናቲቱ አራስ ናት፤ በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት መጥባት ሲጀምር «ተሽሎታል» ብላ ብትቀር ማን ይፈርድባታል? ጎረቤት ግን «ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?» ብላ ልትጠይቃት ትችላለች።

ኮሚቴአችን ይህን ሁሉ ካሰበ በኋላ፣ አንድ አባል መርፌ ቀርቶት ከሆስፒታል ሲወጣ ጠያቂው የሚከተሉትን እንዲመለከት ይጠይቃል።

1ኛ/ ዕድሜው ገፍቷል ወይ? ስኳር፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ሌላ የቆየ በሽታ አለበት ወይ?

2ኛ/ በዚህ ዓመት ከዚህ በፊት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር ወይ?

3ኛ/ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ስንት ቀን ቀረው? በመካከሉ የደም ምርመራ ታዞለታል ወይ? ይህ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቅ።

4ኛ/ መርፌውን የሚወስድበት ቦታ መድኃኒቱ አለ ወይ? ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልም ቀን የሚሰጠው ሰው አለ ወይ? ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውን፣ ከዚያም በኋላ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት መኖራቸውን ሁላችንም አይተናል። «እዚያ ታገኛለህ» መባል ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ልኮ ማረጋገጥ ይገባል።

5ኛ/ ቤቱ ከጤና ጣቢያው የስንት ሰዓት መንገድ ነው? በመካከሉ ወንዝ አለ ወይ? በእግሩ መሄድ ይችላል ወይ?

6ኛ/ አስታማሚው ማነው? አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ገበያ ወይም እርሻ ሲወጣ ማን ይተካዋል?

ከእነዚህ ሁለቱ ወይም ሦስቱ የተገኙበትን ሰው «ይህ ሊመለስ ይችላል» ብለን እንያዘው። ሐኪሞች የመዘኑት የፊተኞቹን ነው፤ የኋለኞቹን ግን እኛ ኖረን አይተናቸዋል።

በቤት ውስጥ ስለሚደረገው ጥንቃቄም ጥቂት እናክል። መርፌው የተተከለበት ቦታ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ጠበል የሚሄድ በሽተኛ ይሂድ፤ እኛ ከእምነቱ አንከለክለውም። ነገር ግን የተተከለው ነገር በክንዱ እያለ ያ ቦታ ውኃ እንዳይነካው ይጠንቀቅ፤ ጠበል ሄድኩ ብሎም መርፌውን አይዝለል። መርፌ ጾም ያስገድፋል ብሎ የሚሰጋም አለ፤ ይህን በልቡ ይዞ ከሚቀር የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የተረፈውን መድኃኒት ለሌላ ሰው መስጠት ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሴፍትሪያክሶን ገዝቶ መወጋት ደግሞ ከቶ አይገባም፤ መድኃኒት የተላመደውን ጀርም የምናሳድገው እንዲህ እያደረግን ነው።

የሚከተሉት ሲታዩ ግን «እስከ ነገ እንይ» አይባልም፦ የበረደ ትኩሳት ሲመለስ ወይም ብርድ ብርድ ሲል፤ ክንዱ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ መግል ሲይዝ፤ ሰውነት ሲያሳክክና ሽፍታ ሲወጣ፤ ፊት ሲያብጥ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር፤ ሽንት ሲቀንስ፤ ጆሮ ሲጮኽ ወይም ሲያዞር፤ ብዙ ተቅማጥ ሲከተል፤ በሽተኛው ሲቃዥ ወይም ሲፈዝ። በዚህ ጊዜ በቀኑም በሌሊቱም ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ደግሞም በጊዜ ተመልሶ መተኛት ሽንፈት አይደለም። እኛ የምንፈራው መመለሱን ሳይሆን ዘግይቶ መመለሱን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

አንድ ጥሩ ዜናም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በ26 ሆስፒታሎች 1054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። ግማሾቹ በደም ሥር፣ ግማሾቹ በሚዋጥ መድኃኒት ለ6 ሳምንት ታክመው በዓመቱ ሲታዩ፣ ሕክምናው ያልሠራላቸው ከመርፌዎቹ 14.6 በመቶ፣ ከሚዋጠው 13.2 በመቶ ነበሩ። ማለት በደንብ የተመረጠ የሚዋጥ መድኃኒት ለብዙዎቹ ከመርፌው አላነሰም። ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ ለሚወጋ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አስቡት። እንግዲህ ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙን በአክብሮት «ይህ በሚዋጥ ሊለወጥልኝ ይችላል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። አይሆንም ካለ ምክንያት አለው፤ ሁሉም ጀርም፣ ሁሉም በሽታ በሚዋጥ አይድንምና። በገዛ እጃችን መለወጥ ግን አይፈቀድም።

ውድ አባላት፤

የእድራችንን መዝገብ ገልጠን አይተናል። የሞተበት ቀን አለ፣ የተከፈለው ገንዘብ አለ፣ የቀረው ሰው ቅጣትም አለ። ከሞቱት ውስጥ ማን ማን ከሆስፒታል ወጥቶ መርፌ ቀርቶት እንደነበረ ግን አይናገርም። ስለዚህ ስንት ሰው እንዲህ እንዳለፈብን መቍጠር እንኳ አልቻልንም። ይህ የማንም ሳይሆን የእኛ ጉድለት ነው። በመሆኑም ሦስት ነገር ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ከሆስፒታል የወጣ አባል፣ የወጣበት ቀንና የቀረው የመርፌ ቀን ይጻፍበት። የበሽታው ስም አይጻፍ፤ ምስጢሩ የራሱ ነው። ባለቤቱ ካልፈቀደም ምንም አይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ለመመለስ ያሰጋል ለተባለው ሰው በተራ አንድ የመርፌ አጋር ይመደብለት። ሥራው ማከም አይደለም፤ መደገፍ፣ ማድረስና ማታ ማታ «ዛሬስ ተወጋህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለቀብር ተራ የወጣለት ሰው እንደማይቀር ሁሉ፣ ይህም ተራ አይቅር።

ሦስተኛ፣ ከሣጥናችን ላይ ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በብድር የሚሰጥበት መንገድ ይታይ።

በዚህ በሦስተኛው ነጥብ ከአባቶች ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። «የሣጥኑ ገንዘብ የሟች ነው፤ ለበሽተኛ ከተበተነ ለቅሶ ሲመጣ በምን እንቀብራለን?» ይላሉ። ስጋታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ይህን እድር እስከ ዛሬ ያቆየው እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ለሐዘን የሚከፈለው ሳይነካ፣ ከትርፉ ላይ ብቻ ይሁን እንላለን። ደግሞስ የቤቱን አባወራ ወይም እማወራ ከምንቀብር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውን ብናበድር ለሣጥኑም አይሻልም ወይ? ድንኳናችን ባይተከል የሚከፋው ማን ነው?

ሕመም ለማንም አይቀርም፤ ዛሬ ጠያቂ የሆነ ነገ ተጠያቂ ነው። ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ «እንኳን አበቃህ» እንበል፤ ግን በዚያው አንቅር፤ «ስንት ቀረህ?» ብለን እንጨምር። ይህች ሁለት ቃል ብትሆንም የሰው እግር፣ ምናልባትም የሰው ነፍስ ታተርፋለች።

የታመመውን ይማርልን፣ አስታማሚውን ያበርታልን።

(ከንግግሩ በኋላ ጉባኤው ተወያይቶ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል። ሦስተኛው የሣጥኑ ሒሳብ ከተመረመረ በኋላ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብ ተወስኗል። የመጀመሪያው የመርፌ አጋር ለመሆን እጁን ያወጣው፣ በክራንች ተደግፎ የተነሣው ያው አባላችን ነበር።)